ትል የበላው ለአፈር

ከወልድያ ተነሥታችሁ ወደ መርሳ በሚወስደው ዋና መንገድ ስትጓዙ፣ በግራና በቀኝ የማሽላ ማሳ ታያላችሁ። በነሐሴ ወር ከነዚህ ማሳዎች ወደ አንዱ ገብታችሁ፣ ቅጠሉ የተበሳሳ አንድ ተክል ብትመርጡና ገና ተጠቅልሎ ያለውን ለጋ ቅጠል በእጃችሁ ገለጥ ብታደርጉት፣ እርጥብ ሰጋቱራ የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ። የሀብሩ ገበሬ ይህን ሲያይ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ አገዳ ቆርቁር ወይም ተምች ገብቷል ማለት ነው። ትሉ ከቅጠሉ እጥፋት ወይም ከአገዳው ውስጥ ተሸሽጎ ባይታይም፣ የጣለው ኩስ ያጋልጠዋል።

ለገበሬው የጥፋት ምልክት የሆነው ይህ ነገር፣ በሌላ ቦታና በሌላ ሁኔታ ሲገኝ ግን የአትክልት ምግብ ይሆናል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል፣ ምን ያህል እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደማይጠቅም በዚህ ምንባብ እንመለከታለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። አማርኛ ከከብት ጋር የኖረ ሕዝብ ቋንቋ ስለሆነ፣ ከእንስሳት ሆድ ለሚወጣው ነገር አንድ ቃል አልበቃውም። የላምና የበሬ እርጥቡ እበት ሲባል፣ ተጠፍጥፎ የደረቀው ኩበት ይባላል። የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያ ፋንድያ ነው። የበግና የፍየል በጠጥ ነው። ከበረት ተጠርጎ የሚዛቀው አዛባ ሲሆን፣ ተከምሮ ሲበሰብስ ፍግ ይሆናል። የዶሮ፣ የወፍና የዝንብ ግን ኩስ ይባላል። ዶሮና ዝንብ በመልክም በመጠንም የማይገናኙ ፍጥረታት ሆነው ሳለ፣ ቋንቋው በአንድ ቃል ማስተባበሩ የሚያስገርም ነው። የሚያስገርመውም ከሳይንስ ጋር መስማማቱ ነው።

ላምና በሬ ሽንታቸውን ለብቻ፣ እበታቸውን ለብቻ ይጥላሉ። ለአትክልት እጅግ ተፈላጊ የሆነው ናይትሮጅን ደግሞ ብዙው የሚገኘው በሽንቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገበሬው እበቱን ሰብስቦ ቢያከማችም፣ ሽንቱ ከበረቱ ወለል ሠርጎ ወይም ተንኖ ይጠፋል። ወፎችና አብዛኞቹ ነፍሳት ግን ሽንት ለብቻ የላቸውም። የሰውነታቸውን ትርፍ ናይትሮጅን ዩሪክ አሲድ ወደሚባል፣ በውኃ በቀላሉ ወደማይሟሟ ነገር ለውጠው ከምግብ ዝቃጩ ጋር በአንድ ቀዳዳ ያስወጡታል። በዶሮ ኩስ ላይ የምታዩት ነጭ ነገር ይኸው ዩሪክ አሲድ ነው። እንግዲህ ኩስ ማለት እበትና ሽንት በአንድ ላይ የተቀመጡበት ነገር ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። የዶሮ ኩስ ከእበት ይልቅ ብርቱ ማዳበሪያ መሆኑን የአትክልት ገበሬዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ የነፍሳት ኩስም ብርታት የሚመነጨው በከፊል ከዚሁ ነው።

«ነፍሳት» ስንል ስድስት እግር ያላቸውን እንደ አንበጣ፣ ዝንብ፣ ጉንዳንና ምስጥ ያሉትን፣ የቢራቢሮና የእሳት ራት ልጆች የሆኑትን ትሎችም ጭምር ማለታችን ነው። እርጥብ አፈር ስንቆፍር የምናገኘው እግር የለሹ የመሬት ትል ከነዚህ አይቆጠርም። አማርኛ ሁለቱንም ትል ብሎ ስለሚጠራቸው አንባቢ ሊሳሳት ይችላል። የመሬት ትል አፈርን በማዳበር ረገድ የታወቀ ባለውለታ ቢሆንም፣ ታሪኩ ሌላ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

አንድ ትል ቅጠል ሲበላ የሚጠቀምበት ጥቂቱን ነው። ከበላው ቅጠል ደረቅ ክፍል ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ሳይፈጭ ተመልሶ ይወጣል። ይሁን እንጂ የወጣው እንደ ገባው አይደለም። በትሉ መንጋጋ ደቅቋል፤ በሆዱ ውስጥ ካሉ ረቂቅ ሕዋሳት ጋር ተቀላቅሏል። ከኩሱም ጋር ትሉ ሲያድግ የሚገፈው አሮጌ ቆዳ ይገኝበታል። ይህ ቆዳ ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ሲሆን፣ ካይቲን ራሱ ናይትሮጅን አለው። ከዚህም ሌላ አትክልቶች በአካባቢያቸው ካይቲን መኖሩን የሚያውቁበት መንገድ አላቸው። ካይቲን የሻጋታና የነፍሳት ገላ ምልክት ስለሆነ፣ አትክልቱ ሲያገኘው ጠላት የቀረበ መስሎት የመከላከያ ኃይሉን ያነቃቃል። የነፍሳት ኩስ የተደረገበት አትክልት በሽታን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋም ይሆን የሚለውን ሳይንቲስቶች የሚመረምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በኩሱ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን መጠን ትሉ እንደበላው ምግብ ይለያያል። በብዛት የሚጠቀሱት ልኮች ከመቶ 2 እጅ እስከ 5 እጅ ያሉት ናቸው። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ የዱቄት ትል ኩስ ከመቶ 5 እጅ ያህል ናይትሮጅን፣ ከዚህም ጋር ፎስፈረስና ፖታሲየም እንዳለው ገልጸዋል። በዚህ ኩስ የበቀለው ገብስ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገለት ገብስ ያላነሰ ሆኖ አግኝተውታል።

ይህ ነገር ለሰሜን ወሎ ለምን ያስፈልጋል? መልሱን ለማግኘት ከገበሬው ቤት ጓሮ መጀመር ይበቃል። በዱሮው ሥርዓት ከብቱ የበላው ሣር በእበት መልክ ወደ ማሳው ይመለስ ነበር። ደን እየተመናመነ፣ የማገዶ እንጨት እየጠፋ ሲሄድ ግን እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። የማሽላው አገዳም ከፊሉ ለከብት መኖ፣ ከፊሉ ለማገዶ፣ ከፊሉም ለቤትና ለአጥር ይውላል። እህሉ ወደ ጎተራ፣ አገዳው ወደ ቤት፣ እበቱ ወደ እሳት ከሄደ ለአፈሩ ምን ይቀራል? የክረምቱ ጎርፍ ደግሞ የቀረውን ለም አፈር ከተዳፋቱ ላይ ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል።

አፈሩ መራቆቱን ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ አቀንጭራ ነው። ይህ አበባው የሚያምር፣ ሥሩ ግን የማሽላን ሥር ጠብቶ የሚያደርቅ አረም በደኸየ መሬት ላይ ይበረታል። በወልድያና በመርሳ መካከል የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት በማሽላ ላይ ሲሠራ ከቆየባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው አረም ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎችም አቀንጭራን በመቋቋማቸው ይታወቃሉ። ነገር ግን ዝርያው ምንም ያህል ቢሻሻል የሚበላው ነገር በአፈሩ ውስጥ ከሌለ ምርቱ ውሱን ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሸቀጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ዋጋው እጅግ በናረ ጊዜ፣ ብዙ ገበሬ የሚያስፈልገውን ያህል ለመግዛት አቅም አጥሮት ነበር።

እንግዲህ ወደ ኩሱ እንመለስ። ከማሽላው እምብርት ውስጥ ያገኘነውን ኩስ ሰብስበን ማዳበሪያ እናድርገው የሚል ተማሪ ቢኖር፣ ሐሳቡ የሚያስመሰግን ቢሆንም ሥራው የሚሆን አይደለም። በአንድ ተክል ላይ የሚገኘው ከቁንጥር አይበልጥም፤ በውስጡም ትሉ ራሱ ሊኖር ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ላይ በወረደ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ የሰፈረ 40 ሚሊዮን ያህል አንበጣ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። ከበላውም አብዛኛውን በኩስ መልክ እዚያው ይጥለዋል። በርግጥ ያ ኩስ ወደ አፈር ገብቷል። ነገር ግን ሊያጭደው የተዘጋጀውን ማሽላና ጤፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ ላጣ ገበሬ ስለ ኩስ ጥቅም መንገር ስላቅ ነው። ኩስ የሚጠቅመው ነፍሳቱ ሰው በመረጠላቸው ቦታ፣ ሰው የሰጣቸውን ሲበሉ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምሳሌ የሐር ትል ነው። በመርሳና በወልድያ ዙሪያ በቦይ ዳር፣ በአጥር ሥርና በቤት ጓሮ ጉሎ ማየት ይቻላል። ኤሪ የሚባለው የሐር ትል ዋና ምግቡ የጉሎ ቅጠል ነው። በአገራችን በዚህ ትል ላይ ምርምር በማካሄድ የታወቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የኤሪ ትል ከእንቁላሉ ሲፈለፈል ከጉንዳን የማይበልጥ ሲሆን፣ አራት ጊዜ ቆዳውን እየገፈፈ ያድጋል። ከዚያም ሐሩን ዙሪያውን አድርቶ ጎጆ ይሠራል። ጎጆው በአንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ የእሳት ራቷ ሳትሞት ትወጣለች። ሐሩም እንደ ሌላው ሐር በአንድ ረጅም ክር የሚመዘዝ ሳይሆን እንደ ጥጥ በእንዝርት የሚፈተል ነው። እንዝርት የምታሾር እናት ባለችበት አገር ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ስለ ሐሩ ይህን ያህል ካልን፣ ለእኛ ጉዳይ ዋናው ከሰፌዱ ሥር ያለው ነው። ትሎቹ በቆጥ ላይ በተደረደሩ ሰፌዶች ውስጥ ሲኖሩ፣ በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ይሰጣቸዋል። ኩሳቸውም ከቅጠሉ ግንድና ከቁርጥራጩ ጋር ከሰፌዱ ሥር ይጠራቀማል። አርቢው ወደደም ጠላም ይህን መጥረግ አለበት፤ ካልጠረገ ሰፌዱ ይሻግታል፤ ትሎቹም ይታመማሉ። ከሚበሉት ሁሉ አብዛኛውን የሚበሉት በመጨረሻው የዕድገት ደረጃቸው ስለሆነ፣ በዚያ ሳምንት የሚወጣው ኩስ ብዙ ነው። ጥቁር በርበሬ የሚመስል፣ በእጅ ሲይዙት የማይጣበቅ፣ ሽታውም ከእበት የማይብስ ነው።

ቻይናውያን ይህን ኩስ ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በሁጆ አውራጃ ገበሬዎች ኩሬ ቆፍረው፣ በኩሬው ዳር የሐር ትል የሚመገበውን የእንጆሪ ዛፍ ይተክላሉ። ቅጠሉን ትሉ ይበላል፤ የትሉን ኩስ ከኩሬው ውስጥ ያሉት ዓሣዎች ይመገባሉ፤ ከኩሬው ሥር የሚዘቀጠው ጭቃ ደግሞ ተዝቆ ለዛፎቹ ማዳበሪያ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም የግብርና ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እኛ ዓሣ ባናረባም የዑደቱ ትርጉም ግልጽ ነው። ከጉሎው ሥር የሚደረግ ኩስ ለሚቀጥለው ትል ቅጠል ያፈራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሐር ይልቅ ለከተማ የቀረበ ነው። የመርሳን ገበያ የሚያውቅ ሰው ፓፓያው፣ ማንጎውና ሽንኩርቱ ከተሸጠ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረውን ብስባሽ ያስታውሳል። ይህ ለተራ ዝንብ መራቢያ ከመሆን በቀር ለማንም አይጠቅምም። በብዙ አገሮች ግን ጥቁር ወታደር ዝንብ በመባል የምትታወቅ ነፍሳት ይህን መሰሉን ብስባሽ እንድትበላ ትረባለች። ይህች ዝንብ ካደገች በኋላ ምግብ ፍለጋ በሰው ገበታ ላይ የማትዞር፣ የማትናደፍም ናት። የሚበሉት ልጆቿ ትሎቹ ናቸው። እነርሱም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ብስባሹን ጨርሰው ይወፍራሉ። ትሎቹ ለዶሮ መኖ ሲሆኑ፣ የቀረው ኩስ ለአፈር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1970 በናይሮቢ የተቋቋመውና በኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ይህን ኩስ በበቆሎ ላይ ሞክሮ ጥሩ ውጤት አግኝቶበታል።

የምስጥን ነገር የሚጠይቅ ተማሪ ሳይኖር አይቀርም። ኩይሳ ምስጥ ከመሬት ሥር ያወጣችውን አፈር በምራቋና በኩሷ እያጣበቀች የምትሠራው ቤት ነው። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ገበሬዎች ኩይሳ አፍርሰው አፈሩን በማሳቸው ላይ ይበትናሉ። ሆኖም ኩይሳ አብዛኛው አፈር ስለሆነ ከሐር ትል ኩስ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ እንለፍ። ከሰፌድ ሥር የተጠረገው ኩስ በጥላ ሥር ተሰጥቶ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ናይትሮጅኑ በአየር መልክ እንዲያመልጥ ያደርገዋል። ከደረቀ በኋላ በወንፊት ተነፍቶ ግንዱና ቁርጥራጩ ይለያል። አመድ መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም። አመድ ለብቻው ለአፈር ጠቃሚ ቢሆንም፣ ከኩስ ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅኑን አሞኒያ ወደሚባል ጋዝ ለውጦ ያባርረዋል። የሚከረፋ ሽታ ከሸተታችሁ ማዳበሪያው እየተነነ መሆኑን ዕወቁ። ከሁሉ የሚሻለው ኩሱን ከደረቅ ሣርና ከቅጠል ጋር በብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ማቆየት ነው። በደንብ የተሠራ የብስባሽ ክምር በውስጡ ስለሚግል፣ የነፍሳት እንቁላልና ጎጂ ባክቴሪያ እንዲሞቱ ያደርጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ደንብ፣ ለገበያ የሚቀርብ የነፍሳት ኩስ ቢያንስ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለአንድ ሰዓት እንዲቆይ ያዘዘው ስለዚሁ ነው።

ኩሱ ለችግኝ መደብ ሲሆን አንዱን እጅ ኩስ ከአሥር እጅ አፈር ጋር ማቀላቀል ይበቃል። ለፓፓያ ወይም ለማንጎ ጉድጓድ ሁለት ሦስት እፍኝ ከአፈሩ ጋር አደባልቆ፣ ሥሩን በቀጥታ እንዳይነካ አድርጎ መጨመር ነው። ብዙ ማድረግ ብዙ ፍሬ አያስገኝም። በኩሱ ውስጥ ያለው ጨውና አሞኒያ የለጋውን ተክል ሥር ያቃጥላል።

ከዚህ ላይ አንድ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ። ኩሱ ከመቶ 3 እጅ ናይትሮጅን ያለው ነው ብንል፣ ያንኑ 46 ኪሎ ግራም ለማግኘት 1,533 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከ15 ኩንታል የሚበልጥ ኩስ ያስፈልጋል። ይህን የሚያህል ኩስ ለማግኘት ስንት ሰፌድ፣ ስንትስ ሸክም የጉሎ ቅጠል እንደሚፈልግ አስቡት። ስለዚህ የነፍሳት ኩስ የሀብሩን የማሽላ ማሳ ከዩሪያ ነፃ ያወጣዋል ብሎ የሚናገር ሰው ቢገጥማችሁ ሒሳቡን እንዲሠራ ጠይቁት። ቦታው የጓሮ አትክልት፣ የችግኝ መደብና የፍራፍሬ ጉድጓድ ነው። በነዚህ ላይ ግን ዩሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል። ዩሪያ ናይትሮጅንን ብቻ ሲያቀርብ፣ ኩሱ ከናይትሮጅኑ ጋር አፈሩን የሚያላላና ውኃ እንዲይዝ የሚያደርግ ብስባሽ ያመጣል። የክረምቱ ዝናብ ቶሎ በሚያቋርጥበት አገር፣ ውኃ የሚይዝ አፈር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬው ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ከመቀበል በትምህርት ቤታችሁ ግቢ መፈተን ትችላላችሁ። ከጓሮ ጎመን ላይ ትሎችን ለቅማችሁ፣ ክዳኑ በተበሳሳና ከሥሩ ወረቀት በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ጎመን እያበላችሁ አቆዩአቸው። በየሁለት ቀኑ ከወረቀቱ ላይ ኩሱን አራግፋችሁ በጥላ አድርቁት። በቂ ኩስ ስታገኙ ትሎቹን ለዶሮ ስጡ እንጂ መልሳችሁ አትልቀቁ። ከዚያም ሥራቸው የተበሳ አራት እኩል ጣሳዎች ውሰዱ። በመጀመሪያው አፈር ብቻ፣ በሁለተኛው አፈርና የበሰበሰ ፍግ፣ በሦስተኛው አሥር እጅ አፈርና አንድ እጅ ኩስ፣ በአራተኛው ደግሞ ግማሽ በግማሽ አፈርና ኩስ አድርጉ። በየጣሳው ሦስት ሦስት የባቄላ ፍሬ ዝሩ፤ ውኃውንም በአንድ ስኒ እየለካችሁ እኩል አጠጡ።

በየዓርቡ የተክሉን ቁመት በማስመሪያ ለኩ፤ የቅጠሉን ብዛትና መልክ ጻፉ። ባቄላ በሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች ረዳትነት ከአየር ናይትሮጅን የመውሰድ ችሎታ ስላለው፣ በጣሳዎቹ መካከል የምታዩት ልዩነት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በማሽላ ወይም በጎመን ዘር ድገሙት። በአራተኛው ጣሳ ውስጥ የበቀለው ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ቢደርቅ አትደነቁ፤ እርሱንም ቀኑን ጠቅሳችሁ በመዝገባችሁ ውስጥ አስፍሩት።